ትርንጎ ያለ ማይክ

ጦር ይዞ መድረክ ላይ መቆም ቀላል ይመስላችኋል? ለእኔም ይመስለኝ ነበር። እስቲ ሃያ ደቂቃ ሳትነቃነቁ ቁሙና እናወራለን። አፍንጫ የሚያሳክከው ደግሞ እጅ ጦር ሲይዝ ብቻ ነው።

እኔ የዩኒቨርሲቲ ሬጅስትራር ሠራተኛ ነኝ። ሥራዬ የጠፋ ፋይል መፈለግ ነው። ቁመቴ ግን ረጅም ነው፤ ጣጣው ሁሉ የመጣው ከሱ ነው። ሳሙኤል የሚባል፣ ውጭ አገር ሙዚቃ ተምሮ የተመለሰ መምህር አለን። አንድ ቀን ኮሪደር ላይ አየኝና፣ ከእግሬ እስከ ራሴ ለክቶኝ፣ «ዘብ አደርግሃለሁ» አለኝ። ወደ ጥበቃ ክፍል ሊያዛውረኝ መስሎኝ ደነገጥኩ። ለካ በአማርኛ ኦፔራ ጽፎ ኖሯል።

ኦፔራ ማለት ምን መሰላችሁ? የጠማው ሰው «ውሃ ስጡኝ» ብሎ አይጠይቅም። ያዜመዋል። ሦስት አራቴ ይደጋግመዋል። ውሃውን የሚያመጣው ሰውም እሱኑ በዜማ ሳይመልስ ጣሳውን አይሰጠውም። በጥም የሚሞት ካለ እዚያ ነው።

የሳሙኤል ኦፔራ ባሏ ለንግድ ወደ አዲ አርቃይ ወርዶ ስለቀረባት ሴት ነው። መጨረሻ ላይ መርዶ ይመጣና እየዘፈነች ትሞታለች። የእኔ ድርሻ የአንድ ባላባት በር ላይ ቆሞ ሦስት ቃል ማዜም ነው። «በሩ ተዘግቷል፣ እመቤቴ።» በቃ። ለዚህች አንድ ወር ሙሉ ተለማመድኩ።

የምትሞተዋን ሴት እንድትጫወት ሳሙኤል የጠየቀው ትርንጎን ነው። ትርንጎን ጎንደር ላይ የማያውቃት የለም። ከአዘዞ ፒያሳ የሚመላለስ ባጃጅ ሁሉ የሚከፍተው የእሷን ዘፈን ነው፤ ያለ እሷ የተደገሰ ሰርግም ጎደሎ ነው ይባላል። እኔ ግን ከዝናዋም በፊት አውቃታለሁ። ኮላ ድባ ላይ ጎረቤታሞች ነበርን። አባቷ መሪጌታ ፈንታ የቤተ ክርስቲያን ዜማ ያስተምራሉ። እኔንም አንድ ዓመት ታግለውኝ፣ «አንተስ ወደ ዘመናዊው ትምህርት ብትሄድ ሸጋ ነው» ብለው አሰናብተውኛል።

እሷ መዝፈን ስትጀምር አባቷ አልተቆጧትም፣ አልረገሟትምም። ዝም አሏት። ለበዓል ስትሄድ ስለ እህሉና ስለ ከብቱ ያጫውቷታል። ስለ ዘፈን ግን አንዲት ቃል የለም። እንዲህ ሆነው አሥራ አንድ ዓመት ኖሩ።

የመጀመሪያው ልምምድ ዕለት ትርንጎ መድረክ ላይ ወጣችና፣ እንደ ልማዷ ማይክ እንዲያቀብሏት እጇን ወደ ጎን ዘረጋች።

«ማይክ የለም» አላት ሳሙኤል። «ኦፔራ በባዶ ድምፅ ነው።»

ሳቀች። እሱ አልሳቀም። እሺ ብላ ዘፈነች። እኔ ጦሬን ይዤ አጠገቧ ስለነበርኩ ሰማኋት። ኋላ ወንበር ላይ የተቀመጠው የመብራት ሠራተኛ ግን ስትጨርስ፣ «እህቴ፣ መቼ ነው የምትጀምሪው?» ብሎ ጠየቃት። በክፋት አልነበረም። የምሩን ነው።

ወሬ ደግሞ ማይክ አያስፈልገውም። በሳምንቱ ከተማው ሁሉ «ትርንጎ ድምፅ የላትም» ይል ጀመር። ሰርግ ላይ እንድትዘፍንለት ቀጠሮ ይዞ የነበረ ሰው ደውሎ ሌላ ሰው እንዳገኘ ነገራት። ያን ዕለት ጸዳ ሰፈር ያለው ቤቴ ድረስ መጥታ የሶፋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

«እስከ ዛሬ የዘፈንኩት እኔ ነኝ ወይስ ስፒከሩ?» አለችኝ።

ባለቤቴ ሻይ ጨመረችላት። እኔ፣ ኦፔራውን ትታ ወደ ሰርግ ዘፈኗ እንድትመለስ መከርኳት።

«ልተወው ሄጄ ነበር፤ ከሳሙኤል በር ተመለስኩ» አለች። «የገዛ ድምፄን ሳላውቀው ልኑር?»

ያለ ማይክ ማዜም የሚያውቁ አባቷ ናቸውና፣ ቅዳሜ ጠዋት አብረን በሚኒባስ ኮላ ድባ ወረድን። የኔታን ዋንዛ ሥር ተቀምጠው አገኘናቸው። ትርንጎ እጃቸውን ስማ አንገቷን ደፋች። መናገሩ ለእኔ ቀረ። ኦፔራ የሚባለውን ነገር እንደምንም አስረዳኋቸው።

«ይጨፈርበታል?» አሉ።

«የለም፣ የኔታ።»

«መጠጥስ?»

«አይሸጥም።»

«መጨረሻው ምንድን ነው?»

«ትሞታለች።»

«እሱስ ሸጋ ነው» አሉ። ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ዜማውን አላስተምርሽም፤ እሱ የቤተ ክርስቲያን ነው። ትንፋሹን ግን ላንቺም ለእኔም የሰጠን አንድ ነው። ተነሽ።»

ከታጨደው ማሳ ወዲያኛው ጫፍ ላይ አቆሟትና እሳቸው ወዲህኛው ላይ ተቀመጡ። ዘፈነች። እጃቸውን አወዛወዙ። አልተሰማም ማለት ነው። ደግማ ዘፈነች። አወዛወዙ። ሲሰለቻቸው ማሳውን አቋርጠው ሄዱና መቋሚያቸውን አስያዟት። «ጉሮሮሽን ተዪው። ከወገብሽ አምጪው። ማኅሌት የሚቆም ሰው በጉሮሮው ቢጮህ እኩሌታው ላይ ይዘጋበታል» አሏት።

እኔንም ድርሻዬን ጠየቁኝ። «በሩ ተዘግቷል፣ እመቤቴ» ብዬ አዜምኩላቸው።

«ተዘግቶ ይቅር» አሉ።

በየቅዳሜው ወረድን። በአምስተኛው ቅዳሜ፣ ከማሳው ማዶ የሚያርስ ሰውዬ በሬዎቹን አቁሞ ወደ እኛ ዞረ። የኔታን አየኋቸው። እጃቸው ጉልበታቸው ላይ ነበር።

ትርኢቱ እሑድ ከሰዓት በኋላ ሆነ። አዳራሹ ጢም አለ፤ አብዛኛው የእሷ አድናቂ ነው። ገና ብቅ ስትል እልል አሉ፣ ትከሻቸውንም አሟሟቁ። የሚጨፈርበት ነገር ሲያጡ ግን ግራ ተጋቡ። አንዳንዶቹ ተነስተው ወጡ። ጦሬን ጨብጬ፣ አለቀልን አልኩ። ያኔ ነው ከወገቧ ያመጣችው። ኋላ ያለው የመብራት ሠራተኛ ቀና ሲል አየሁት። የወጡት ሰዎችም በሩን ገርበብ አድርገው፣ ከደጅ አንገታቸውን አስግገው ቀሩ።

መርዶው መጣ፤ ዘፈነች፤ ሞተች። አንድ ጎልማሳ ሰውዬ እንባውን እየጠረገ መድረክ ላይ ወጣና፣ ሰርግ ላይ እንደለመደው፣ የሟቿ ግንባር ላይ መቶ ብር ለጠፈላት። ትርንጎ አልተነቃነቀችም። እውነተኛ የኦፔራ ሰው መሆኗን ያመንኩት ያኔ ነው። ሌላም ሰው ብሩን ይዞ ሲነሳ ሳሙኤል ከመጋረጃው ኋላ ራሱን ያዘ። እኔስ ዘብ አይደለሁ? ጦሬን አጋደምኩና በዚያችው ዜማ፣ «በሩ ተዘግቷል፣ ጌታዬ» አልኩት። ሰውዬው ይቅርታ ጠይቆ ወረደ። ተመልካቹ የድርሰቱ ክፍል መስሎት አጨበጨበ።

ካለቀ በኋላ የኔታ በሕዝቡ መሀል ቀስ ብለው መጡ። ጎበዝ አላሏትም። «መርዶውን ሲያረዱሽ ጊዜ ትንፋሽሽን ቸኩለሽ ሳብሽው» አሏት። «ቅዳሜ ነይ።»

ኦፔራው እኮ አልቋል። ከእንግዲህ ቅዳሜ መምጣቱ ለምኑ ነው? ልጠይቃቸው አፌን ስከፍት ትርንጎ ጎኔን ጎሸም አደረገችኝ። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ስባ፣ «እመጣለሁ፣ አባዬ» አለች።

ትቷት የነበረው የሰርግ ባለቤትም መልሶ ደወለ። የፊተኛውን ዘፈንም፣ «ያንን የዩኒቨርሲቲውንም» ፈለገ። እኔም ሰርጉ ላይ ተጠራሁ፤ ያለ ጦር። ትርንጎ ሰዉን በደንብ ካስጨፈረች በኋላ ማይኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ ያንን የመጨረሻውን ዘፈነችው። በላተኛው ጉርሻውን እንደያዘ ቀረ። ጨርሳ እጅ ነስታ ስትወርድ፣ አጠገቤ የተቀመጡ አሮጊት እጅጌዬን ሳቡኝ።

«ልጄ፣ ትሞታለች ሲሉን አልነበር እንዴ?»

«ለሰርግ ደስ አይልም ብለን አስቀረነው፣ እማማ።»

ቅር አላቸው። «ምነው» አሉ፤ «እኔ እኮ ለሱ ብዬ ነው በእግሬ የመጣሁት።»