ቼክ የሚሉት ጋሽ ምልኬሳ

በየከተማው፣ የተማራትን አንድ ነገር ይዞ ዓለሙን ሁሉ በእሷ የሚፈታ ሰው አይጠፋም። ጋብቻን በፍሪሲዮን የሚያስረዳ መካኒክ አለ፤ የጎረቤት ጸብን እንደ ደም ግፊት የሚለካ ጤና ረዳት አለ። አዳማ ላይ ፕሌስቴሽን ቤት ለከፈተችው ለሌንሳ የደረሷት ግን ክቡር ጋሽ ምልኬሳ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህርና፣ እሳቸው እንደሚሉት፣ በዘመናቸው በቼዝ ወደር ያልነበራቸው ሰው።

መጀመሪያ የገቡት ከጎን ያለው ፀጉር ቤት ወረፋ ስለበዛበት ነው። ስክሪኑ ላይ ሁለት ተፋላሚዎች ይደባደባሉ። አንደኛው ሆን ብሎ አንድ ቡጢ ቀመሰና ተጠግቶ ሌላውን አነጠፈው። ጋሽ ምልኬሳ ከወንበራቸው ብድግ አሉ።

"ጋምቢት! ወታደር ሰጥቶ ንግሥት በላ!"

ከዚያን ቀን ወዲህ ፀጉራቸው አደገም አላደገም ይመጣሉ። ዘሎ የሚመታ ሁሉ "ፈረስ" ተባለ። እግር ልምታ ወይስ አንገት ልያዝ እያለ ተጋጣሚውን በሁለት ስጋት የሚወጥር "ሹካ አቀረበ"። ጥግ የተያዘ "ንጉሡ ታፈነ"። ደንበኞቹ መጀመሪያ ሳቁ፣ ከዚያ ለመዱት፣ ኋላም ራሳቸው ይሉት ጀመር። ሌንሳ ብቻ ጥርሷን ትነክሳለች። ሰውየው ዓመት ሙሉ ሲተነትኑ አንድ ቀን እንኳ ጆይስቲክ ነክተው አያውቁም።

የመቂው ራህመቶ ሲመጣ ነገሩ ከረረ። ራህመቶ የሽንኩርት ደላላ ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ጭነቱን ከሸኘ በኋላ ይመጣና ሌንሳን በገዛ ቤቷ፣ በደንበኞቿ ፊት ይረታታል። በሦስተኛው ቅዳሜ ተሸንፋ ገና ሳትነሳ ጋሽ ምልኬሳ ከኋላዋ ጎንበስ አሉ።

"ልጄ፣ አንቺ ቼክ፣ ቼክ፣ ቼክ ብቻ ነው። ቼክ ማለት እኮ ንጉሡን ማስፈራራት እንጂ ማሸነፍ አይደለም።"

"ጋሼ፣ ይሄ ቼዝ አይደለም!" ጆይስቲኩን እጃቸው ላይ አኖረችው። "እስቲ እርስዎ ይሞክሩት!"

ተቀመጡ። አውራ ጣታቸው ቁልፉን ሲፈልግ ራህመቶ በአሥራ አንድ ሴኮንድ ጨረሳቸው። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እሳቸውም አብረው ሳቁ፤ ኮፍያቸውን አድርገው ወጡ። በሚቀጥለው ቅዳሜ አልመጡም። በዚያኛውም አልመጡም።

ሌንሳ መጀመሪያ ጆሮዬ አረፈ አለች። ሳምንት ሳይሞላ ግን ቤቱ ጭር አለባት። አንድ ቀን ስትጫወት፣ በከንቱ በሰነዘረች ቁጥር "ቼክ" ማለቷ ታወቃት፤ ሃያ ድረስ ቆጥራ አፈረች።

የከተማው ውድድር ሲደረግ ለፍጻሜ የደረሱት እሷና ራህመቶ ናቸው። በመጨረሻው ዙር በጥቂት ጉልበት ትበልጠዋለች፤ ሰዓቱም እያለቀ ነው፤ ካለቀ ያሸነፈችው እሷ ናት። ሌላ ጊዜ ቢሆን ዘላ ትገባበት ነበር። አሁን ግን ተከላክላ ቆመች። ራህመቶ ቀረበ፣ ራቀ፣ ሰዓቱን አየ፣ አላስችል አለውና ዘለለ። አየር ላይ ተቀበለችው። አለቀ።

በማግስቱ ይቅርታ ልትጠይቅ ቤታቸው ሄደች።

"አካም ጅርቱ፣ ጋሼ? የዚያን ቀን እኮ..."

"የፍጻሜውን ቪዲዮ ቴሌግራም ላይ ሰባት ጊዜ አየሁት" አሉ፣ ሳያስጨርሷት። "ሁለተኛው ዙር ላይ አንድ ወታደር በነጻ ሰጥተሻል።"

ሌንሳ ከንፈሯን ነከሰች።

"መጨረሻው ግን..." መነጽራቸውን አወለቁ። "ቼዝ ላይ ተራሽ ከደረሰ የግድ ታንቀሳቅሻለሽ። ቆሞ መጠበቅ የለም። እሱን እኔ አላስተማርኩሽም። የራስሽ ነው።"

ከዚያ ባለቤታቸው እንዳይሰሙ በሩን ገልመጥ አድርገው ድምፃቸውን ቀነሱ።

"ለመሆኑ፣ መከላከያው የትኛው ቁልፍ ነው?"

ሌንሳ ሳቋን ዋጠችው። "ቁልፍ የለውም፣ ጋሼ። አቅጣጫውን ወደ ኋላ ይዞ መቆየት ብቻ ነው።"

"ይኸው ነው?"

"ይኸው ነው። ነገ ጠዋት ቤቱ ሳይከፈት ይምጡ።"

መጡ። ዘጠኝ ጊዜ ገጠመቻቸው፤ ዘጠኙንም አሸነፈቻቸው። አንዱን እንኳ አልለቀቀችላቸውም፤ ብትለቅላቸው ያውቁባታል፣ ያዝኑባታልም። በአሥረኛው ሦስት ቡጢ በተከታታይ ተከላከሉና፣ ለመጀመሪያ ጊዜ አንዲት ቃል ሳይተነፍሱ፣ ስክሪኑ ላይ እንዳፈጠጡ ወንበራቸውን ሳብ አደረጉ።