ትርፍ ዜማ

ጊታር መጫወቴን የሰማ ሰው ሁሉ፣ ሰላምታውን እንኳ በቅጡ ሳይጨርስ፣ «ለመሆኑ ዜማ ከየት ነው የሚመጣላችሁ?» ይለኛል። የሚጠብቀውን መልስ አውቀዋለሁ። ላንጋኖ ዳር ብቻዬን ቁጭ ብዬ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ እያየሁ፣ ድንገት ከውሃው ላይ ተንሳፍፋ መጣችልኝ እንድለው ነው። ላንጋኖ ሄጃለሁ። ቁጭም ብያለሁ። የመጣልኝ ነገር ቢኖር ትንኝ ነው።

እውነቱን ልንገራችሁና፣ ዜማ የሚመጣው ሰው ሲቸግረው ነው። በሕይወቴ የራሴ የምላት አንዲት ዜማ አለችኝ። የመጣችውም ድምፃዊያችን በልምምድ መሃል ግጥሙ ጠፍቶበት አፉን እንደከፈተ ሲቀርና ዝምታውን የሚሞላ ሰው ሲጠፋ ነው። ጣቶቼ ዝም ብለው ሄዱ፤ ሲመለሱ ይዘዋት መጡ። ጥበብ የምትሏት ነገር እንግዲህ ይህችው ናት፤ ቅር ብትላችሁም ምን ላድርግ?

ይህ የሆነው ናዝሬት ውስጥ፣ በደርግ ጊዜ፣ በቀበሌያችን የኪነት ቡድን ነው። ከአብዮቱ በፊት እኔና ጓደኞቼ አፍሯችንን አጎፍረን፣ ሱሪያችንን ከታች አስፍተን፣ ከሸክላ የለቀምነውን ሮክ ሆቴል ውስጥ ስንጫወት የኖርን ሰዎች ነን። ሮክ ማለት፣ ለማታውቁት፣ አንዱ ጊታሩን አንግቶ ወደ ፊት ይወጣል፣ ሌሎቹ ከኋላው ሆነው ያጅቡታል፣ እሱ ደግሞ ዓይኑን ጨፍኖ ዓለም ለእሱ ብቻ የተፈጠረች ይመስለዋል። ይህ ሶሎ ይባላል። አብዮቱ ሲመጣ አፍሮው ተቆረጠ፣ ሱሪው ጠበበ፣ ጊታሩም የቀበሌ ሆነ። ሶሎው ግን ውስጤ ቀርቶ ነበር፤ እሱን የሚፈትሽ ኬላ አልነበረማ።

አንድ ቀን፣ የየከተማው ኪነት ቡድኖች ዝዋይ ላይ ሊወዳደሩ ነው ተባለ። እኛ የምናቀርበው ስለ ጥጥ ለቀማ ዘመቻ የተገጠመ ዘፈን ነበር። ስለ ግጥሙ አትጠይቁኝ፤ ጥጡ ይለቀም ነው የሚለው። መሃሉ ላይ ግን ያቺ ዜማዬ ነበረችበት። ደግሞ ለአንድ ትልቅ ኦርኬስትራ ተጫዋች የሚመርጥ ሰው ከአዲስ አበባ ይመጣል የሚል ወሬ ደረሰን። ይህን ስሰማ ልቤ ተነሳ። ቀበሌ አዳራሽ ውስጥ አርጅቼ እንዳልቀር፣ ከናዝሬት ጭና የምታወጣኝ ጋሪ ያቺ ዜማ ነበረች። ሌላ የለኝም።

በመጨረሻው ልምምድ የቀበሌው የባህል ኃላፊ ጓድ ክፍሌ መጣ። ሙዚቃ አይወድም ብላችሁ እንዳታሙት። ይወዳል፤ ችግሩም እሱ ነው። እጁን አጣጥፎ እስከ መጨረሻው ሰማና ወዲያው ስብሰባ ጠራ። በዚያን ጊዜ ሂስና ግለሂስ የማይደረግበት ነገር አልነበረም፤ ስብሰባ ላረፈደ፣ የአዳራሹን መጥረጊያ ለሰበረ። በዜማ ላይ ሲደረግ ግን የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም።

«ጓዶች፣» አለ ጓድ ክፍሌ፣ «ሁላችንም እኩል በምንሠራበት ዘፈን መሃል አንድ ጓድ ከሕብረቱ ተነጥሎ ብቻውን ይህን ያህል ሲጫወት፣ ሰፊው ሕዝብ ከዚህ ምን ይማራል?»

ያስጥሉኛል ብዬ ጋሽ በዳዳን አየሁ። ጋሽ በዳዳ አኮርዲዮን ተጫዋቻችን ናቸው፤ ከሁላችንም በዕድሜ የሚበልጡ፣ ጣልያን በከፈተው ሆቴል ጀምረው ሲጫወቱ የኖሩ ሰው።

«ዱጋ፣ እውነት ነው ጓድ፣» አሉ። «ዜማዋ ቆንጆ ናት። ቆንጆ ስለሆነች እኮ ነው እኛም የምንፈልጋት።» ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብለው፣ «አይዞህ ያ ጉርባ፣ አንተ ልጅ፣ ለአንድ ሰው ትበዛለች።»

አንድ ሰው ከአንድ ቤት በላይ እንዳይኖረው በታወጀበት አገር፣ አንድ ጊታር ያን ያህል ዜማ መያዙ ትርፍ ሆኖ ተገኘ። እዚያው ተከፋፈለ። መነሻውን አኮርዲዮን ወሰደ። ወደ ላይ የሚወጣውን፣ ቆንጆ ቆንጆውን፣ ሳክስፎን ነፊው ሽመልስ ቀድሞ እጁን አውጥቶ ተመራ። ቁልቁለቱ ለማሲንቆ ደረሰ። ለእኔ የመጨረሻዋ ድምፅ ተተወችልኝ። አዎ፣ አንዲት ድምፅ። በዚህ ላይ ግለሂስ አድርግ ተባልኩና፣ በጣቶቼ ላይ የግለኝነት ስሜት ሰርጎ መግባቱን አምኜ ተጨበጨበልኝ።

ሰው ሆዱን ማታለያ አያጣም። የመጨረሻዋ ድምፅ እኮ ዋናዋ ናት አልኩ ለራሴ። ከእሷ በፊት ለአንድ ትንፋሽ ያህል ዝምታ አድርጌ ነበር፤ ሰሚው ልቡን ሰቅሎ ይጠብቃል፣ ከዚያ እኔ በግራ እጄ ጣት ክሩን ተጭኜ ወደ ላይ ስገፋው ያለቅሳል። ቤቱን ወርሰው በሩን ትተውልኛል ብዬ ተጽናናሁ።

ዝዋይ ደረስን። አዳራሹ ጢም ብሏል። ከፊት ባለሥልጣኖች፣ ከእነሱ ጎን መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሰቀለው የአዲስ አበባው ሰው። ጥጡ ተለቀመ፣ ተለቀመና ዜማዬ ላይ ደረስን። ጋሽ በዳዳ ጀመሯት። ሽመልስ ተቀበላቸው። ማሲንቆው ይዟት ሲወርድ አንዲት ሴትዮ ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገች። ያስከፋኝ ነገር ምን መሰላችሁ? ከእኔ አሳምረው ተጫወቷት።

ዝምታው መጣ። ጣቴ ክሩ ላይ ነው። ቀኝ እጄን ልመታ አነሳሁ። ይህን ጊዜ ከፊት ወንበር አንዱ ባለሥልጣን፣ ዘፈኑ ያለቀ መስሎት፣ ብድግ ብሎ «ትግላችን ግቡን ይመታል!» አለ።

በዚያ ዘመን ላልነበራችሁ፦ መፈክር ሲሰማ እጅ ይጨበጣል፣ ወደ ላይ ይወጣል፣ «ይመታል!» ይባላል። እጅ ስል ግራ እጅ ነው፤ ቀኝ አይሆንም። አዳራሹ በሙሉ ቡጢ በቡጢ ሆነ። ጋሽ በዳዳ አኮርዲዮናቸውን በአንድ ትከሻ አንጠልጥለው ቡጢያቸውን አነሱ። ጓድ ክፍሌ የራሱን እንዳነሳ ወደ እኔ ተመለከተ። እኔ ገና ከግለሂሴ ያልቀዘቀዝኩ ሰው ነኝ። ጣቴን ከክሩ አላቅቄ «ይመታል!» አልኩ። ጭብጨባው ቀለጠ፤ ዘፈኑም እዚያው ላይ አለቀ።

የአዲስ አበባው ሰው ከመድረክ ጀርባ መጣ።

«ያቺን የመሃሏን ዜማ የተጫወተው ማነው?»

ሁሉም እጁን አወጣ። ማንም አልዋሸም።

«አንተስ የቱን ነው የተጫወትከው?» አለኝ።

«መጨረሻዋን።»

«እኔ መጨረሻ አልሰማሁም።»

«እጄን አንስቼ ነበር።»

ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝና ሽመልስን መርጦ ሄደ። አልቀናሁም ብላችሁ ትስቁብኛላችሁ። ቀናሁ። በመመለሻው መኪና ላይ ከሞጆ ወዲህ እስክንደርስ ጀርባዬን ለሽመልስ ሰጥቼ ተቀመጥኩ።

ዜማዋ ግን እኔን አልጠበቀችም። መቂ ሄደች፣ ሻሸመኔ ሄደች፣ ሠርግ ቤት ገባች። ሁሉም የሚጫወቷት ቡጢው ያቋረጣት ቦታ ድረስ ነው። እዚያ ስትደርስ ማረፊያ ስለሌላት ዞራ መነሻዋ ላይ ትወድቃለች፤ ጨፋሪው ትከሻውን ማሳረፊያ አያገኝም። ለካ ለሠርግ ከዚህ የተሻለ ነገር የለም።

ከዓመታት በኋላ አቦምሳ ሠርግ ላይ ስጫወት «ያቺን የዝዋይዋን!» ተባልኩ። ሂስ የለ፣ መፈክር የለ፣ ጓድ ክፍሌ የለ። ዓይኔን ጨፍኜ፣ ከመነሻዋ ጀምሬ ብቻዬን ተጫወትኳት። ዝም አልኩ። ከዚያ ያቺን የታፈነች ድምፅ ለቀቅኋት፤ አለቀሰች፣ እኔም ልከተላት ትንሽ ነበር የቀረኝ። ዓይኔን ስገልጥ ዳሱ ቀጥ ብሏል። ትከሻው መሃል ላይ የቀረበት ሁሉ ምን ሆንክ ብሎ ያየኛል።

የሙሽራው አጎት፣ ሸምገል ያሉ ሰው፣ መጥተው ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አሉ።

«እጅህ ይባረክ ልጄ፣ ትችላለህ። ግን በሰው ዜማ ላይ ከራስህ አትጨምር።»

የእኔ ናት ልላቸው አፌን ከፍቼ ነበር። ነገር ግን ላባቸውን አየሁት፤ እሳቸው ይህችን ዜማ ሲጨፍሩባት ኖረዋል፣ እኔ ሳኮርፍባት ነው የኖርኩት። «እሺ አባቴ» አልኩና ከመጀመሪያው ጀመርኩላቸው።