አምስቱ ሳጥኖችና የሴይጎ ጆሮ

ሴይጎ፦ ትፋው።

ኩኒዮ፦ ዋጥኩት እኮ ጋሼ።

ሴይጎ፦ ማስቲካ ይዋጣል እንዴ?

ኩኒዮ፦ ሲጮሁብኝ ደንግጬ ነው። እርስዎ እስኪገቡ ድረስማ በሰላም እያኘክሁ ነበር።

ሴይጎ፦ እጄን ልታጠብ ብወጣ፣ በዚያች ቅጽበት፣ ያልተከፈተ ሳጥን ከፍተህ ማስቲካውን ትበላለህ?

ኩኒዮ፦ ሳጥኑ ላይ «ማስቲካ» ይላል። የገዛነውም ከከረሜላ መደርደሪያ ላይ ነው። እርስዎ ራስዎ «ይህ ነገር በሕግ ማስቲካ ነው፤ ሮቦቱ ምርቃት ነው» ብለውኝ የለ?

ሴይጎ፦ በሕግ ማስቲካ ነው። በሰብሳቢ ዘንድ ግን ማስቲካው የሮቦቱ አካል ነው። አይበላም፤ አይነካም፤ አይሸተትም።

ኩኒዮ፦ ታዲያ ማስቲካ መሆኑ ምን ጠቀመው?

[ሁለቱ ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው፣ አማጋሳኪ ውስጥ ካለ አንድ የሰፈር መሰብሰቢያ ቤት የሰሌን ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል። ሴይጎ ተቀያያሪና ተገጣጣሚ ሮቦት በመሰብሰብ ከኦሳካ እስከ ኮቤ እኔን የሚያህል የለም ባይ ነው። ኩኒዮ የሚስቱ ታናሽ ወንድም ነው፤ በመኪና እየዞረ ቶፉ፣ የአኩሪ አተር አይብ፣ ይሸጣል፤ ነገር ቶሎ አይገባውም ይባላል። ይህን የሚለው ግን ከሁሉ ይልቅ ሴይጎ ነው። ዝቅተኛው ጠረጴዛ ላይ አምስት ትናንሽ ሳጥኖች ነበሩ፤ አሁን የቀሩት አራት ሳጥንና አንድ የተቀደደ ካርቶን ናቸው።]

ኩኒዮ፦ [ከኪሱ የተጠቀለለ ሩዝ አውጥቶ] አይናደዱ። ከሩዜ ትንሽ ቆንጥሬ ልለጥፈው፤ እናቴ ፖስታ የምታሽገው በሩዝ ነበር።

ሴይጎ፦ እጅህን ሰብስብ። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል አሉ። ዛሬ ምን ቀን እንደሆነ ታውቃለህ?

ኩኒዮ፦ እሑድ።

ሴይጎ፦ ኑኪና ባቡሩን ይዞ የሚመጣበት ቀን ነው።

ኩኒዮ፦ የጥርስ ሐኪሙ?

ሴይጎ፦ የጥርስ ሐኪሙ። ጎሬንማሩን፣ አምስት መኪና ተገጣጥሞ የሚሠራውን ይኼን ሮቦት፣ ሙሉውን ላመጣለት ሰው ያንን የብረት ባቡር፣ ተገልብጦ ሮቦት የሚሆነውን፣ እሰጣለሁ ብሏል። የልጅ ልጁ ጎሬንማሩ ካልመጣልኝ ጥርሴን አልፋቅም ብሎ አምጿል። ከየሱቁ ደግሞ ተሟጦ አልቋል።

ኩኒዮ፦ ባቡሩን ምን ያደርጉታል? ቤት ውስጥ መቆሚያ የለም። እህቴ ለሮቦቶችዎ ቦታ ለቅቃ የኪሞኖ ቀሚሶቿን እኛ ዘንድ ካመጣች ቆየች።

ሴይጎ፦ [ድምፁ ወረደ] አባቴ ባቡር ጣቢያ ነበር የሚሠራው። ስምንት ዓመት ሲሞላኝ ያንን ባቡር ሊገዛልኝ ቃል ገብቶ ነበር። ልደቴ ሳይደርስ ሞተ። ከዚያ ወዲህ የሰበሰብኩት ሁሉ የዚያ ባቡር ማስረሻ ነው፤ ግን አላስረሳኝም። ይኼስ ይገባሃል?

ኩኒዮ፦ ይኼማ ይገባኛል።

[ሴይጎ የተቀደደውን ካርቶን አንስቶ አሳየው።]

ሴይጎ፦ ስለዚህ የሠራኸውን ተመልከት። አንተ የከፈትከው የግራ እግሩን ነው። አውቶቡሱን።

ኩኒዮ፦ [ከጉልበቱ ሥር አንድ ነገር መዝዞ] ይኼ አውቶቡስ ነው?

ሴይጎ፦ ታዲያ ምን ሊሆን ነው?

ኩኒዮ፦ መንጠቆ አለው።

ሴይጎ፦ የአውቶቡስ መንጠቆ ነው።

ኩኒዮ፦ አውቶቡስ መንጠቆ አለው?

ሴይጎ፦ የተበላሸ አውቶቡስ የሚጎትት አውቶቡስ አለ። አንተ ቶፉ ስታዞር ስለማታይ ነው።

ኩኒዮ፦ ወንበር ግን የለውም። መስኮት የለውም። ጎኑ ላይ ደግሞ «ክሬን» ብለው ጽፈውበታል።

[ሴይጎ ተቀብሎ አየው። መነጽሩን አውልቆም አየው። ከክሬን በቀር ሌላ ሊሆን አልቻለም።]

ሴይጎ፦ ሲያሽጉ ተሳስተው ነው።

ኩኒዮ፦ ግን ጋሼ፣ ሳጥኖቹ ላይ ያለው ሥዕል ሁሉም ላይ አንድ ነው። ውስጡ የቱ እንዳለ ሳይከፍቱ እንዴት ያውቃሉ?

ሴይጎ፦ ስንት ጊዜ ላስረዳህ? መዳፍህ ላይ አድርገህ ትመዝነዋለህ። ከዚያ ጆሮህ ሥር ነቅነቅ ታደርገዋለህ። እግር «ጡብ ጡብ» ይላል። እጅ «ቅጭል ቅጭል» ይላል። ደረት ዝም ይላል፤ ደረት ኩሩ ነው።

ኩኒዮ፦ ሁለቱ ሳጥን አንድ ዓይነት ቢጮህስ?

ሴይጎ፦ ከባዱን ትወስዳለህ። ቁም ነገር ምንጊዜም ይከብዳል።

ኩኒዮ፦ ቀላሉንስ?

ሴይጎ፦ ቀላሉማ ለአንተ ነዋ። የከረሜላ ቤቷ እመቤት «ለአንድ ሰው አንድ ብቻ» ብላ ለጥፋለች። ሁለት ሳጥን በእጄ ይዤ እንዳማርጥ ሁለት ሰው መሆን ነበረብኝ። አንተን በሄድኩ ቁጥር ያስከተልኩህ ለዚያ ነው፤ እንደ ሰው ገብተህ የተቆጠርከው እዚያ ሱቅ ብቻ ነው።

ኩኒዮ፦ ስለቆጠሩኝ አመሰግናለሁ።

ሴይጎ፦ ምንም አይደል።

ኩኒዮ፦ እና ዶክተሩ ሳይከፍት ነው የሚረከበው?

ሴይጎ፦ ኧረ የለም! በአንድ በአንድ ነው የሚከፍተው፤ የሰብሳቢዎች ማኅበርተኛው ሁሉ ተቀምጦ። እኔ ሳጥኑን ጆሮዬ ሥር አድርጌ ስሙን እጠራለሁ፤ እሱ ይከፍታል፤ ሰው ያጨበጭባል። ለሁሉም ተናግሬያለሁ።

ኩኒዮ፦ ለሁሉም?

ሴይጎ፦ ላልሰሙትም ደውያለሁ።

ኩኒዮ፦ [አራቱን ሳጥኖች እያየ] ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ የሚሉት እንዳይሆን ብቻ።

ሴይጎ፦ ተጠራጠርክ? አንተ? እሺ፣ ላፍህ ልጓም የሚሆን ነገር ላሳይህ። [አንዱን ሳጥን አንስቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ነቀነቀ።] ሰማህ?

ኩኒዮ፦ ምንም አልሰማሁም።

ሴይጎ፦ እንግዲያውስ ደረት ነው። እሳት አደጋው። ክፈተው።

[ኩኒዮ ከፈተው። ክሬን ነው።]

ኩኒዮ፦ ለምን ዝም አለ?

ሴይጎ፦ ማስቲካው ተጭኖት ነው። ይኼኛውን ስማ፤ ጡብ ጡብ። የቀኝ እግር። ቆሻሻ መኪናው ነው፤ ባይሆን ከምላሴ ፀጉር ይነቀል።

[ከፈቱት። ክሬን ነው።]

ኩኒዮ፦ ፀጉሩን አሁን ነው የምንነቅለው ወይስ ሰው ሲሰበሰብ?

ሴይጎ፦ ዝም በል። እጄ ስለተንቀጠቀጠ ነው ድምፁ የተዛባው። ይኼኛው አምቡላንሱ ነው። አልነቀንቀውም። በመዳፌ ብቻ ነው ያወቅሁት።

[ክሬን ነው። ሴይጎ ጆሮውን በትንሽ ጣቱ ኮረኮረ፤ ጥፋቱ የጆሮው ሰም ቢሆን በወደደ። የኑኪና ባቡር ከመቅረቡ በፊት የማኅበርተኞቹ ሳቅ ቀድሞ ሲመጣ ታየው።]

ኩኒዮ፦ አንድ ቀርቷል።

ሴይጎ፦ [ሳይነካው] እሱ ክሬን ነው።

[ኩኒዮ ከፈተው። ክሬን ነው።]

ኩኒዮ፦ ይኼንን አወቁት ጋሼ።

ሴይጎ፦ አትቀልድ።

ኩኒዮ፦ የምሬን ነው። ከአምስት አንድ አግኝተዋል። እኔ ትምህርት ቤት እንዲህም አላመጣሁም።

ሴይጎ፦ ክሬኑ ቀኝ እጁ ነው። አምስት ቀኝ እጅ። ሮቦቱን በአምስት ቀኝ እጅ ላቆመው ነው?

ኩኒዮ፦ ቢገጣጠሙ ኦክቶፐስ ይወጣቸዋል። ሦስት እጅ ይጎድለዋል እንጂ። ካልሆነም ሮቦቱ ይቅርና ሕንፃ ይሥሩባቸው።

ሴይጎ፦ ስንት ሰዓት ሆነ?

ኩኒዮ፦ ዶክተሩ የተሳፈረበት ባቡር አሁን ደርሷል። ከጣቢያው እዚህ እስኪመጣ ነው።

ሴይጎ፦ [ተነስቶ] በመስኮት ልወጣ ነው።

ኩኒዮ፦ ጫማዎ በር ላይ ነው።

ሴይጎ፦ በካልሲ እሄዳለሁ።

ኩኒዮ፦ ካልሲው አውራ ጣቱ ጋ ተቀዷል። ደግሞ ጫማዎ በር ላይ እያለ እርስዎ ከሌሉ፣ ሰው ሽንት ቤት ገብተዋል ብሎ ቁጭ ብሎ ይጠብቅዎታል።

[እውነቱን ነው። ጫማው በር ላይ የተሰለፈ ሰው ጠፋሁ ቢል ማን ያምነዋል? ሴይጎ ተመልሶ ተቀመጠ። ዕድሜውን ሙሉ የጠበቀው ባቡር ከተማ ገብቶ እሱ ጣቢያው ላይ ባዶ እጁን መቆሙ አንገበገበው። ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ መነጽሩን የሚጠርግ መስሎ ጠረገው።]

ሴይጎ፦ ግን እንዴት? ኩኒዮ፣ እንዴት አምስቱም?

ኩኒዮ፦ የክሬኑ መንጠቆ ብረት ነው፤ ሳጥኑ ላይ ተጽፏል። የሌሎቹ መኪኖች ሁለመና ፕላስቲክ ነው። እርስዎ ሁልጊዜ ከባዱን ነው የሚመርጡት።

ሴይጎ፦ [ቀስ ብሎ] ይኼ መቼ ነው የገባህ?

ኩኒዮ፦ ለሦስተኛ ጊዜ ስንሄድ።

ሴይጎ፦ እና አልነገርከኝም?

ኩኒዮ፦ ነገርኩዎት። ሱቁ ውስጥ «ጋሼ፣ ዛሬ እንኳ ቀላሉን ቢይዙ» ስልዎ፣ «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ ያንተን ይዘህ ውጣ» አሉኝ። ይዤ ወጣሁ።

ሴይጎ፦ ያንተን? የቱን ያንተን?

[ኩኒዮ ከኋላው በጨርቅ የተቋጠረ የምሳ ዕቃ አነሳ። ሴይጎ ደግሞ ሊበላ ነው ብሎ ተናደደ። ቋጠሮው ሲፈታ ግን ከምሳ ዕቃው ውስጥ ጎሬንማሩ ብድግ አለ። ደረቱ እሳት አደጋው፤ የግራ እጁ አምቡላንስ፤ እግሮቹ ቆሻሻ መኪናውና አውቶቡሱ። የቀኝ ትከሻው ላይ ብቻ ባዶ ቀዳዳ አለ።]

ሴይጎ፦ ይኼ... ይኼ ከየት መጣ?

ኩኒዮ፦ እርስዎ «ገለባ ነው፣ ለአንተ ይሁን» ብለው ከሰጡኝ። አውቶቡሱ ሁለት ጊዜ ደርሶኝ ነበር፤ አንዱን ድመቷ ጎትታ አልጋ ሥር አስገባችው።

ሴይጎ፦ በየቀኑ ትገጣጥመው ነበር?

ኩኒዮ፦ እፈታዋለሁ፣ እገጥመዋለሁ። ቶፉው እስኪረጋ ሥራ የለኝም። አንድ እጅ አጥቶ ሲያዝን ጊዜ አሰብኩ። እኔ ጋ የሌለው እርስዎ ጋ ነው፤ እርስዎ ጋ ያለው ደግሞ ሁሌ ከባዱ ነው።

ሴይጎ፦ ቆይ። እንግዲህ ሳጥኑን የከፈትከው ማስቲካ አምሮህ አይደለም?

ኩኒዮ፦ ማስቲካ አልወድም፤ ጥርሴ ላይ ይጣበቃል። ሳጥኑ ዶክተሩና ማኅበርተኛው ፊት ከሚከፈት፣ ከእኔ ጋር ብቻዎን ሳሉ ቢከፈት ይሻላል ብዬ ነው። ሲጮሁብኝ እደነግጣለሁ ብዬ ግን አላሰብኩም፤ መዋጤ ከልቤ ነው።

[ሴይጎን መቆጣት አማረው፤ አቅፎ መሳም አማረው፤ ሁለቱንም ተወው። ከአምስቱ ክሬኖች አንዱን አንስቶ በሁለት እጁ አቀረበ፤ ኩኒዮ የክሬኑን ክንድ ዘርግቶ፣ መንጠቆውን አጥፎ ሮቦቱ ትከሻ ላይ ገጠመው። ቀጭ አለ። ጎሬንማሩ ሙሉ ሰው ሆነ። ከደጅ በሩ ተንሸራተተና አንድ ሰው ጫማውን ማውለቅ ጀመረ።]

ሴይጎ፦ [በሹክሹክታ] ኑኪና ነው። ኩኒዮ፣ ወንድሜ፣ ይኼ እንግዲህ ያንተ ሮቦት ነው። ባቡሩም ያንተ ነው ማለት ነው።

ኩኒዮ፦ ባቡር ምን ያደርግልኛል? መኪና አለኝ። ለእርስዎ እሰጥዎታለሁ።

ሴይጎ፦ ለእኔ? እንዲያው በነፃ?

ኩኒዮ፦ በነፃማ አይሆንም። ቅዳሜ ከረሜላ ቤት አዲሶቹ ሮቦቶች ይገባሉ። አብረን እንሄዳለን። እንደ ወትሮው ይመዝናሉ፣ ይነቀንቃሉ፣ ያዳምጣሉ።

ሴይጎ፦ [ፊቱ በርቶ] ይኸውልህ! አሁንም ከእኔ ጆሮ የተሻለ የለም ማለትህ ነው።

ኩኒዮ፦ ፈጽሞ የለም ጋሼ። ጆሮዎ የወደደውን መደርደሪያው ላይ እንተወውና ሌላውን እንገዛለን።