የኦቦ ቶለሳ ገመድ

ገመድ የሚወድ ጎረቤት ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ እዚህ ነቀምቴ አንድ አሉኝ፤ ጡረታ የወጡት የፊዚክስ መምህር ኦቦ ቶለሳ። ቤታቸው ውስጥ ሰማያዊ የኔትወርክ ገመድ ያልደረሰበት ክፍል የለም። በየገመዱ ጫፍ ክብሪት የምታህል የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ ተሰክታለች፤ ኤሌክትሪኩንም ትእዛዙንም የምታገኘው ከዚያው ከአንዱ ገመድ ነው። አንዷ መብራት ታበራለች፣ አንዷ ሮቶውን ትሞላለች፣ አንዷ ደግሞ የቧንቧ ውሃ ሲመጣ ደወል ትደውላለች።

«ሰው ሁሉ በዋይፋይ ሲጠቀም እርስዎ ቤቱን በገመድ አሰሩት እኮ!» አልኳቸው።

«ኦቦሌሳ ኮ፣ ወንድሜ፣ ዋይፋይ በዚህ ወፍራም ግድግዳ ይደክመዋል። ገመድ አይደክመውም።»

ሳቅኩ። ውሃ ደስ ባለው ቀን ብቻ ብቅ ለሚልበት ሰፈር ደወል! ማን አይስቅም?

ባለፈው እሑድ ከቤታቸው አጠገብ ባለው አዳራሽ የእድራችን ሊቀ መንበር ሰዓት ስለ ማክበር ሲናገሩ ደወሉ ጮኸ። አዳራሹ በቅጽበት ባዶ ሆነ። ሊቀ መንበሩ ለወንበሮቹ «ጸጥታ!» ይሉ ነበር አሉ፤ እኔ ከሯጮቹ ፊት ስለነበርኩ አልሰማሁም። ድሮ ውሃው መጥቶ መሄዱን የምናውቀው በማግስቱ ነበር። ያን ቀን ግን በሰፈሩ ሳይሞላ የቀረ ጄሪካን የለም።

ላመሰግናቸው ስሄድ ኦቦ ቶለሳ በረንዳቸው ላይ ጋዜጣ ያነባሉ።

«እርስዎ አይቀዱም እንዴ?»

«ምን ልቅዳ? ሮቶዬን ቦርዷ ራሷ ትሞላዋለች።»

«ታዲያ ደወሉ ምን ያደርግልዎታል?»

«ደወሉማ የእናንተ ነው።»

ቀና ብዬ አየሁት። አጥራቸው ላይ ተሰቅሎ፣ ፊቱን ወደ እኛ በሮች አዙሯል። «ገለቶማ» አልኳቸው፤ ከዚያ በላይ የማመሰግንበት ቃል በሁለቱም ቋንቋ አጣሁ።