ሎሚና የኦቦ ጉተማ ጥርስ

እዚህ አገር ራሴን አመመኝ ብትሉ ጎረቤቱ ሁሉ ሐኪም ነው፤ ተከሰስኩ ብትሉ ሁሉም ጠበቃ ይሆናል። እኔ ደግሞ ሰበታ ውስጥ ስንት ዓመት ኬሚስትሪ ያስተማርኩ ነኝና፣ ምክሬን ሳልጠየቅም እሰጥ ነበር። አሁን ደክሞኛል።

አዲስ አበባን ወደ ገበሬው ማሳ ያሰፋል በተባለው ማስተር ፕላን ግርግር ሰሞን መንገዱ አንድ ቀን ይከፈታል፣ ሦስት ቀን ይዘጋል። የጎረቤቴ የኦቦ ጉተማ የጤፍ ማሳ ፉሪ በኩል ነው። ማሳው ከነጎረቤቶቹ ፕላኑ ውስጥ ሊገባ ነው ተብሎ ስብሰባ ተጠራ፤ ገበሬዎቹም እሳቸው እንዲናገሩላቸው መረጡ። የተመረጠ ሽማግሌ ሳይናገር ሌላው አፉን አይከፍትም፤ ወጉ ነው። የፊት ጥርሳቸው ወልቆ ንግግራቸው ያፏጭ ስለነበር፣ ለዚሁ ብለው አዲስ አበባ ሄደው ርካሽ የብረት ጥርስ አስተከሉ።

በሳምንቱ “አፌ ዝገት ዝገት ይለኛል” አሉኝ።

“ሎሚ ይምጠጡበት፣ ኦቦ። ጥርግ ያደርግልዎታል።”

ባሰባቸው። እሳቸው ሎሚውን ጨመሩ፣ እኔም በፌስታል እየገዛሁ አመላለስኩ። ልብ በሉ፤ አሲድ ብረትን እንደሚያሟሟ በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ የምጽፈው እኔው ነኝ። ሰው አፍ ውስጥም ያው መሆኑን ግን አላሰብኩትም።

ድዳቸው አብጦ ምላሳቸው ሲቆስል ጥርሱን ለተከለላቸው ሐኪም ደወልኩ። “ቅይጥ ብረት እኮ ነው” አለኝ። “አሲድ ሲያገኘው ኒኬሉን ይለቃል፤ ድዱን የሚያስቆጣው እሱ ነው። ሎሚውን ያቁሙና ቶሎ ይምጡ።” ነገሩን ለኦቦ ጉተማ ነገርኳቸው። ግን መንገዱ ዝግ ነበር፣ ስብሰባው ደግሞ በማግሥቱ።

ለታማሚ የተዘጋው መንገድ ለሰብሳቢዎቹ ተከፈተ። “ተቃውሞ ያለው?” ሲባል ሰው ሁሉ ወደ ኦቦ ጉተማ ዞረ። ተነሡ። አፋቸውን ከፈቱ፤ ቃል አልወጣ ሲላቸው በጋቢያቸው ሸፍነው ተቀመጡ። እሳቸውን ቀድሞ የተናገረ የለም። እኔም የመንግሥት ሠራተኛ ነኝና ጫማዬን አየሁ። ቃለ ጉባኤው ላይ “ተቃውሞ አልቀረበም” ተብሎ ተጻፈ።

ስንመለስ “ይቅር ይበሉኝ” አልኳቸው። አፈርኩ።

“ማል ጎና፣ ምን ይደረግ” አሉ እየተኮላተፉ። “ልጆቼ ስለ ሎሚው ማታ ማታ ይመርቁሃል። አትንገራቸው።”

ማሳው ከሄደ ቆየ። ልጆቹ ዛሬም ባገኙኝ ቁጥር ይመርቁኛል፤ እኔም አሜን እላለሁ።