ከመጋዘን ወጪ የተደረገ ፋይል እዚያው ስለመገኘቱ የተያዘ ቃለ ጉባኤ

ለሐሙስ ኅዳር 18 ቀን 2018 ዓ.ም. ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ የተጠራው የቡና ገበሬዎች ዩኒየናችን የመረጃ ጥበቃ ኮሚቴ ስብሰባ፣ ጅማ ጊንጆ ሰፈር በሚገኘው ዋና መሥሪያ ቤት በስምንት ሰዓት ከሩብ ተጀመረ።

የተገኙ፦
አቶ ጅብሪል፦ ሰብሳቢ
አቶ ጅብሪል፦ የፋይናንስ ክፍል ተወካይ
ወ/ሮ ብርሃንነሽ፦ የንብረትና መጋዘን ኃላፊ
አባቦራ፦ የሊሙ ቡና ገበሬዎች ተወካይ
ሩፈይዳ፦ የኮምፒውተር ባለሙያ (ጊዜያዊ ቅጥር)፤ የእጅ ጽሑፏ ስለሚነበብ ጸሐፊ እንድትሆን ተመርጣለች

ምልዓተ ጉባኤው አምስት ሰው ስለሚጠይቅ፣ ሰብሳቢው ሁለት ጊዜ እንዲቆጠሩ ራሳቸው ሐሳብ አቅርበው ራሳቸው ስለደገፉት ተሟልቷል።

አጀንዳ አንድ፦ የሊሙ ገነት ቅርንጫፍ ሠራተኛ ሐጂራ ስለምትነቅለው ገመድ

ጸሐፊዋ እንድታስረዳ ተጠይቃ አስረዳች። የውጭ ገዢው ቡናው ከየትኛው ማሳ እንደተለቀመ በካርታና በፎቶ ካላየ አይገዛም። የአባላቱ ማሳ ሁሉ ካርታና ፎቶ ጅማ ባለው ኮምፒውተር ተቀምጧል፤ አንዱ ቢቃጠል ሌላው እንዲተርፍ ቅጂው ሊሙ ገነት አለ። ክምችቱ ትልቅ ስለሆነ መጀመሪያ በኔትወርክ ሲላክ ሳምንታት ፈጅቷል። አሁን ግን ጅማ ላይ የተለወጠው ብቻ እየሄደ ሊሙም ላይ ይለወጣል፣ ሁለቱ ሁልጊዜ እኩል ይሆናሉ። ሆኖም ሐጂራ ከሰዓት በኋላ የቡና እርጥበት መለኪያውን ለመሰካት የኔትወርኩን ሳጥን ከሶኬት ስለምትነቅል ሥራው ይቋረጣል።

ሐጂራ በስልክ ተጠይቃ፣ "ሶኬቱ አንድ፣ መለኪያው አንድ፣ እኔም አንድ። የቡናውን እርጥበት በእጄ ጨብጬ ልፍረድ እንዴ?" ማለቷ ተመዝግቧል። ጸሐፊዋ የሶኬት ማከፋፈያ እንዲገዛላት ብትጠይቅም፣ የግዢ ኮሚቴ ገና ስላልተቋቋመ ሐሳቧ ውድቅ ሆኗል። ከረጅም ውይይት በኋላ ለሐጂራ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እንዲሰጣት ተወሰነ።

አጀንዳ ሁለት፦ ወጪ ሆነው ሳለ ስላልወጡ ፋይሎች

ወ/ሮ ብርሃንነሽ እንዳብራሩት፣ ሊሙ ገነት ፋይሎቹን ተረክቤያለሁ ብሎ ገቢ አድርጓል። ስለዚህ ጅማ ወጪ ማድረግ አለበት። ወጪ የሆነ ዕቃ ደግሞ መጋዘን ውስጥ ሊገኝ አይችልም፤ እሳቸው ግን ዛሬ ጠዋት በዓይናቸው አይተውታል። "ሃያ ጆንያ ማዳበሪያ ሊሙ ልኬ ሃያው ጆንያ እዚሁ ቢገኝ ኦዲተሩ ማንን ነው የሚይዘው?" ብለዋል። የጥበቃ ሠራተኛው ተጠርቶ በበሩ ምንም ፋይል ሲወጣ እንዳላየ መስክሯል። በዚህም ፋይሎቹ ያለ መውጫ ፈቃድ መሄዳቸው ተጣርቷል።

አባቦራ በበኩላቸው፣ "ማሎ፣ እባካችሁ፣ አንድ ነገር ሁለት ቦታ ቢኖር ምኑ ያስከስሳል? እኔ ሁለት ጎጆ ሳቆም አንዷን ወጪ አድርግ ያለኝ የለም" ብለዋል። ወ/ሮ ብርሃንነሽ ጉዳዩ ከንብረት ክፍል ሥልጣን ውጪ መሆኑን ገልጸዋል።

ጸሐፊዋ፣ ጅማ ላይ የተሰረዘ ነገር ሁሉ ሊሙም ላይ እንደሚሰረዝ ልትናገር እጇን አነሳች። ሰብሳቢው ጸሐፊ የተባለውን ትጽፋለች እንጂ አትልም ሲሉ ወሰኑ፤ ካስፈለጋት ግን ቃለ ጉባኤው ላይ እንድታሰፍረው፣ መጨረሻ ላይ እንደሚነበብ ፈቀዱ። "ጻፊያ ልጄ፣ ማን ከለከለሽ" ብለዋታል። ይኸው ሰፍሯል።

በሦስት ድምፅ (ሁለቱ የአቶ ጅብሪል)፣ በአንድ ተቃውሞ፣ ፋይሎቹ ከጅማ እንዲሰረዙ ተወሰነ። ጸሐፊዋ አልሰርዝም በማለቷ፣ ነገሩ ውሏ ሲታደስ እንደሚታይ ተነግሯታል። ወ/ሮ ብርሃንነሽ መነጽራቸውን አድርገው ራሳቸው ሰርዘዋል። ኮምፒውተሩ እርግጠኛ መሆናቸውን ሲጠይቃቸው፣ "ቃለ ጉባኤ አለኝ" ብለውታል። የኮምፒውተሩ ቆሻሻ ቅርጫትም ለንጽሕና ሲባል ተራግፏል።

አጀንዳ ሦስት፦ ልዩ ልዩ

አቶ ጅብሪል ረቂቁን ሲያነቡ፣ "ይኼ ሊሙም ላይ ይሰረዛል የሚለው ምንድን ነው?" አሉ። ጸሐፊዋ አሁን መናገር ትችል እንደሆነ ጠየቀች፤ ተፈቀደላት፤ ተናገረች። አባቦራ፣ ገዢው የሚመጣው ሰኞ መሆኑን አስታውሰው፣ "በዝናብ ከዚህች ልጅ ጋር ጭቃ ረግጠው ማሳቸውን ያስለኩ ጎረቤቶቼን ምን ልበላቸው? ቡናችሁ ከየትም አልበቀለም ልበል?" ብለዋል።

ሊሙ ገነት ተደወለ። ሐጂራ፣ ቡና እየለካች መሆኗን፣ ሳጥኑ እንደተነቀለ መሆኑን፣ በዚህ የሚበሳጭ ካለ ማስጠንቀቂያ ልኮ እሷን ለሥራዋ እንዲተዋት ተናግራለች። አቶ ጅብሪል፣ "አልሐምዱሊላህ። እንዳትሰኪው እህቴ" ብለዋል።

ከረጅም ውይይት በኋላ፣ በአጀንዳ አንድና ሁለት የተወሰነው ሁሉ እንዳልተወሰነ እንዲቆጠር፣ በማስጠንቀቂያው ፋንታ ለሐጂራ የምስጋና ደብዳቤ እንዲጻፍላት፣ ጸሐፊዋም ሊሙ ሄዳ ቅጂውን በዲስክ እንድታመጣ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ።

ጸሐፊዋ ቦርሳዋን ስታነሳ ወ/ሮ ብርሃንነሽ ተጨማሪ ሐሳብ አቀረቡ፦ ዲስኩ ጅማ ገቢ ሲሆን ሊሙ ያለው ወጪ መደረግ የለበትም ወይ? አቶ ጅብሪል ጥያቄው ተገቢ መሆኑን ገልጸው ድምፅ እንዲሰጥበት ጠየቁ። ጸሐፊ በስፍራው ስላልነበረ ውጤቱ አልተመዘገበም። ስብሰባው መቼ እንደተዘጋ አይታወቅም፤ እሷ የወጣችው በአሥር ሰዓት ተኩል ሲሆን፣ ይህ መስመር የተጻፈው ወደ ሊሙ ገነት በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ነው።