የሸንበቂት ዘመድ

የአገር ስም የሚጽፍ ሰው መጀመሪያ አገሩን ረግጦ ቢያየው ምን ነበረበት? እኔ የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ቢሆንም ላይ ጋይንት ያለውን የማሳዬን ስም አስተካክዬ እጽፋለሁ፤ አርሼዋለሁና። የድሮ ጸሐፊ ግን ቢሮው ተቀምጦ፣ ባለጉዳዩ ካለው ግማሹን ሰምቶ፣ ግማሹን ከራሱ ጨምሮ ይጽፍ ነበር። መዘዙ ለእኔ ተረፈ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጄን ትርንጎን ለጋብቻ ሊጠይቁ ሽማግሌዎች ከስማዳ መጡ። ልጁ ወገዳ ከተማ በርና መስኮት ይበይዳል። አይጠጣም፤ አይሳደብም። የምነቅፈው ነገር አጣሁ። ግን ስማዳ ሩቅ ነው። ትርንጎ ደግሞ ዝምታዬን ችላ የምትኖር ብቸኛ ሰው ናት፤ እናቷ እንኳ ከበሬዎቹ ጋር ማውራት ከጀመረች ቆይታለች። እናም ሽማግሌዎቹን «እስቲ ዘር ይቆጠር» አልኳቸው።

መቼም ሰባት ቤት ሳይቆጠር ጋብቻ የለም። ተቆጠረ። በእኛም በእነሱም ወገን፣ ሰባት ሳይሞላ፣ ቢተው የሚባል አያት ብቅ አለ። ሁለቱም የእስቴ ሰው። ደስ አለኝ። ፊቴ ላይ ግን አልታየም፤ ታይቶም አያውቅ።

የልጁ አጎት ደምለው ዋዛ አይደለም። «እስቴ ውስጥ ቢተው የሚባል ሰው አንድ ብቻ ነው እንዴ?» አለ። እንግዲያው የቢተው መንደር ይጣራ ተባለ። የአያቴን የርስት ክርክር ወረቀት ከሣጥን አወጣሁ፤ «ሸንበቂት» ይላል። ደምለው የእነሱን አመጣ፤ «ሰንበጢት» ይላል። እኔ አንድ አገር ነው አልኩ። እሱ ሁለት ነው አለ። ጸሐፊዎቹ እንደሆኑ ሞተዋል፤ ማን ይጠየቅ?

ትርንጎ ማታ እግሬን እያጠበች «አባየ፣ በሬ ሲገዙ እንኳ እንዲህ ዘር አልጠየቁም» አለችኝ። ቀና ብዬ አየኋት። እሷም ዓይኗን አልሰበረችም። አስተያየቷ የእኔው ነው። ሄጄ ላጣራ ወሰንኩ።

ከደምለው ጋር መካነ ኢየሱስ ላይ ተገናኘንና በእግር ተነሣን። መንገዱን ሙሉ አልተነጋገርንም፤ እኔ በተፈጥሮዬ፣ እሱ በኩርፊያ። አንድ የሚያርስ ሰው አገኘንና ሁለቱንም ስም ጠርተን ጠየቅነው። «ያው አንድ መንደር ናት፤ ያቻትና!» ብሎ በጅራፉ ጠቆመን። አሸነፍኩ። ትርንጎ ቤቷ ቀረች ማለት ነው።

መንደሯ ስንደርስ የቢተውን ዘር ፈልገን መምጣታችንን ተናገርን። ያልጠበቅነው እልልታ ቀለጠ። አንዲት ሴትዮ ፀሐይ ወደሚሞቁ ሽማግሌ ሮጠች፤ «አያ ጥሩነህ፣ ያልኩዎት ደረሰ! ዘመዶችዎ መጡ!»

አያ ጥሩነህ እዚያ መንደር የቀሩ የቢተው ዘር እሳቸው ብቻ ናቸው። ልጆቻቸው ተበትነዋል፤ ጎረቤት በተራ ይጦራቸዋል። ጎረቤቱን ያስመረረው እህሉ አይደለም፤ ወሬያቸው ነው። ጫማዬን ሳላራግፍ የአባታቸውን ታሪክ፣ የአባታቸውን በሬ፣ የበሬውንም አሟሟት ነገሩኝ። ዞር ስል ጎረቤቶቻቸው የሽማግሌውን አጎዛ ለጉዞ ጠቅልለው አስረውታል።

«የቢተው ዘር ናችሁ አይደል?» አለች ሴትዮዋ።

ደምለውን አየሁት። አየኝ።

«ቢተው የሚባል ሰው አንድ ብቻ ነው እንዴ?» አልኩ፣ እኔው ራሴ።

«እውነቱን ነው» አለ ደምለው፤ «እኛ መንገደኞች ነን።»

ሴትዮዋ ክው አለች። አያ ጥሩነህ ግን ሳቁ። «ደግ አላችሁ። ዘመድማ ስንቱ መጥቶ ትቶኝ ሄደ! እናንተ መንገደኞች ከሆናችሁ እኔም የእግዚአብሔር እንግዳችሁ ነኝ» ብለው ምርኩዛቸውን አነሡ። ዘመድ ነኝ ቢሉኝ ተጣልቼ እገላገል ነበር። የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ ያለን ሰው በየትኛው አፍ ሂድ ትሉታላችሁ?

መካነ ኢየሱስ ስንመለስ ደምለው የወገዳ መኪና ተነሣ ብሎ ሮጠ። በመስኮት ብቅ ብሎ «አያ ወርቁ፣ እንግዲህ ዝምድና ከሌለን ሠርጉን በጥር እናድርገዋ!» አለኝ። መልስ የምሰጥበት ክፍተት አጣሁ፤ አያ ጥሩነህ እያወሩ ነበር።

ትርንጎ በጥር ተዳረች። አሁን ሆዷ ገፍቷል። አያ ጥሩነህ እኔ ቤት ናቸው፤ ሚስቴም የሚያወራት ሰው አገኘች። ባለፈው ገብስ ስንወቃ አውድማው ዳር ተቀምጠው፣ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ የእኔን ዘር ይቆጥሩ ጀመር። ወርቁ የእገሌ፣ እገሌ የእገሌ እያሉ ወደ ላይ ወጡ። አንድ አይስቱም። ከማን እንደሰሙት አልጠየቅኋቸውም። አብረውን የሚወቁት ሰዎች የገለባ መንሻቸውን ተክለው ማዳመጥ ያዙ። ቢተው ዘንድ ለመድረስ አንድ ሰው ሲቀራቸው፣ ሮጬ ሄጄ አንድ እፍኝ የገብስ ቆሎ በእጃቸው አስያዝኳቸው። መርቀው ወደ አፋቸው አሉት። ሰው ሁሉ ደግነቴን አመሰገነ።

አያ ጥሩነህ አንድ ጥርስ የላቸውም። ያን ቆሎ አላምጠው እስኪጨርሱ ልጄ ትወልዳለች።